በንብረት ክላሰር ያሰርኳት ወረቀት

ፈሪ ሴት ነኝ። ይህን አስቀድሜ መናገሬ የሚያነበኝ ሰው ከኔ ጀግንነት እንዳይጠብቅ ብዬ ነው። መብረቅ ሲጮህ ልጄን ታቅፌ አልጋ ሥር እገባ ነበር። ልጄ አድጋ ሥራ ከያዘች በኋላም ስልኬ በጠራ ቁጥር አማትቤ ነው የማነሣው። እንዲህ ያለች ሴት ሃያ አምስት ዓመት በመንግሥት ቤት እንዴት እንደሠራች እኔንም ይገርመኛል። አምና አምሳ አምስት ዓመት ሲሞላኝ፣ ደረቴ የመዝገብ ቤቱን አቧራ አልችል ስላለ፣ በፈቃዴ ጡረታ ወጣሁ። በቦታዬ የተተካችው ልጅ ክፍሉን ስትረከበኝ፣ "እትዬ አስካለ፣ ያቺን የሳጥኗን ነገር ይጻፉልን እንጂ። እኛ ስንሰማው እኮ ተረት ነው የሚመስለን" አለችኝ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ቢሆንም እጄ ከወረቀት ጋር ስለኖረ እሞክራለሁ። ስሕተት ካለ ልጄ መቅደስ አንብባ ታርመዋለች፤ ካልጣማት ደግሞ ዝም ትበል።

የተወለድኩት በደጋው፣ ከራቤል ወጣ ብሎ ነው። ባሌ ሲሞት መቅደስ ገና ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ከሷ ሌላ ልጅ የለኝም። መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ ለጤና ጣቢያ የጽዳት ሠራተኛ ይፈለጋል ሲባል ሰማሁና ልጄን አዝዬ ሄጄ ተመዘገብኩ። ደሞዙ ለጨውና ለሳሙና ያህል ነበር። ግን በየወሩ ይመጣ ነበርና እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እዚያ ያለች አንዲት ነርስ የመድኃኒት ካርቶን ላይ ያለውን ጽሑፍ እያስነበበች የረሳሁትን ፊደል መለሰችልኝ። "አስካለ፣ ያነበብሽውን ሁሉ ጠርገሽ አትጣይ" ትለኝ ነበር እየሳቀች።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ በተላላኪነት ወደ መርሐቤቴ ቆላ ተዛወርኩ። ከብርድ አገር ለወረደች ሴት ያ ሙቀት ምድጃ አጠገብ እንደመተኛት ነበር። ኃላፊዬ አጭር፣ ቁጡ፣ ልባቸው ግን ደግ የሆነ ሰው ነበሩ። ደብዳቤ ይዤ ወደ ቀበሌ ስወጣ በር ላይ ቆመው ይጮሁብኛል።

"አስካለ! ደብዳቤውን ከፍተሽ አየሽው?"

"ኧረ አላየሁም ጌታዬ።"

"ጎሽ! ያልተመራ ወረቀት ብታገኚስ?"

"አልነካውም።"

"ጎሽ! በይ ሂጂ፣ ፀሐይ ሳይበረታብሽ!"

መምራት ማለት ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገር። በመንግሥት ቤት ደብዳቤ ሲመጣ ኃላፊው ዳሩ ላይ "ለእገሌ፣ እንዲፈጸም" ብሎ ይጽፍና ይፈርማል። እንዲህ ያልተጻፈበት ወረቀት የማንም አይደለም። ተላላኪ ለፈለገችው ሰው ብትሰጠው ተጠያቂ ናት። ይህ ትምህርት አጥንቴ ድረስ ገባ። ኋላ ጉድ የሠራኝም እሱ ነው።

ሦስተኛው ቦታዬ ወደ ደጋው መመለሻዬ ሆነ፤ መንዝ ውስጥ ያለ የአንድ ወረዳ የመሬት ጽሕፈት ቤት። የወረዳውን ስም አልጠራም። ጥፋቱ የኔ ስለሆነ ሌላ ሰው ማሳፈር አልፈልግም። የመዝገብ ቤት ረዳት አድርገው መደቡኝና ጋሼ ሽፈራውን አገኘሁ። የዛሬዋ አስካለ የሳቸው ሥራ ናት ብል አላጋነንኩም።

ጋሼ ሽፈራው የቄስ ትምህርት የተማሩ፣ ዳዊት በቃላቸው የሚደግሙ፣ መነጽራቸውን በክር ያሰሩ ቀጭን ሽማግሌ ነበሩ። የመጀመሪያ ቀን ፋይል ላነሣ እጄን ስዘረጋ ጮኹብኝ።

"እጅሽን ታጥበሻል?"

"ጠዋት ታጥቤአለሁ ጋሼ።"

"ጠዋትማ ድመትም ፊቷን ታጥባለች። አሁን ታጠቢ!"

ወረቀት ለመግለጥ ጣት በምራቅ ማርጠብ እሳቸው ዘንድ ኃጢአት ነበር። መንዝ ጭጋጉ በመስኮት ገብቶ ወረቀት ያረጥባል። ስለዚህ ዝናቡ ባባራ ቁጥር ፋይሎቹን አውጥተን ፀሐይ እናስመታለን፤ ነፋስ እንዳይወስዳቸው በየላያቸው ጠጠር እንጭናለን። ሲባጎ ከመንግሥት እስኪመጣ አይጠብቁም። ከጓሳ ሣር ራሳቸው ቀጭን ገመድ እየገመዱ ፋይሉን ያስሩበታል። አስተሳሰራቸው የራሳቸው ነው፤ ሌላ ሰው ፈትቶ ቢያስረው ገና ከሩቅ ያውቁታል።

መዝገብ ቤቱን ከበፊቱ ሰው ሲረከቡ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር የበሩን ጓጉንቸር መቀየር ነበር አሉ። ለምን ብዬ ጠየቅኳቸው።

"የድሮው ቁልፍ ስንት ሰው ኪስ እንደገባ ታውቂያለሽ?" አሉኝ።

"ኧረ እኔ ምኑን አውቄ።"

"እኔም አላውቅም። ስለማላውቅ ቀየርኩት።"

ከሁሉ በላይ ግን የተማርኩት አዋሳኝ መጠየቅን ነው። የእያንዳንዱ ገበሬ ማሳ ሲመዘገብ የባለይዞታው ስም ብቻ አይጻፍም። በምሥራቅ የማን፣ በምዕራብ የማን፣ በሰሜን የማን፣ በደቡብ የማን ማሳ እንደሚያዋስነው ይጻፋል። አንድ ሰው ስለ መሬቱ ሊጠይቅ ሲመጣ ሌላው ሠራተኛ አንድ ፋይል ያወጣል። ጋሼ ሽፈራው አምስት ያወጣሉ፤ የሰውየውንና የአራቱን ጎረቤቶች። ሰው ይሰለቻል። ወረፋው ይረዝማል።

"ጋሼ፣ ሰውየው እኮ የጠየቀው የራሱን ነው" አልኳቸው አንድ ቀን።

"የራሱንማ እሱም ያውቀዋል። እኔ የምፈልገው ጎረቤቶቹ ምን እንደሚሉ ነው" አሉና ቀጠሉ፤ "ስሙን የሚያስለውጥ ሌባ ቢመጣ አንድ ወረቀት ይለውጣል እንጂ አራት ጎረቤት አያስታውስም።"

ከብዙ ዓመት በኋላ ጡረታ ሲወጡ ቦታቸውን ለኔ ለቀቁ። ያን ጊዜ ያስረከቡኝ ፋይል ቁጥሩ ብዙ ነው፤ አንድም የጎደለ አልነበረም። ነፍሳቸውን ይማር። ወረቀት ሳነሣ ዛሬም እጄን እታጠባለሁ።

መቅደስ ኮሌጅ ገብታ ኮምፒውተር ተማረች። ያን ጊዜ ጽሕፈት ቤታችን መዝገቡን ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ሊያስገባ ሠራተኛ ሲያወዳድር ተፈትና አንደኛ ወጣች። ደስታዬን መናገር አልችልም፤ ፍርሃቴንም እንዲሁ። ከልጅ ጋር አንድ ቢሮ መሥራት ቀላል አይደለም። ገና በሳምንቱ፣ "እናትና ልጅ ቢሮውን ተካፈሉት" የሚል ወሬ ሰማሁ። ከዚያ ጀምሮ ከመቅደስ ጋር በሥራ ሰዓት ከሰላምታ በላይ አልነጋገርም ነበር። ወረቀት እንኳ የምሰጣት በፊርማ ነው። "እማዬ፣ እኔኮ ልጅሽ ነኝ" ትለኛለች። "እዚህ ወይዘሮ አስካለ ነኝ" እላታለሁ።

እኔ ከፋይሉ እያነበብኩ፣ እሷ እየመታች፣ መዝገቡን ለማስገባት ሁለት ዓመት ፈጀብን። አዋሳኝ መጠየቅንም አስተማርኳት። በዚህ ሁሉ መሐል የመጠባበቂያዋ ሳጥን መጣች። ባክአፕ ነው የሚሏት። ጥቁር ናት፤ ከጫማ ካርቶን ትንሽ ትበልጣለች፤ ግንባሯ ላይ አረንጓዴ መብራት አላት። ከደብረ ብርሃን ያመጣት ያሲን የሚባል ባለሙያ ነበር፤ የቆላ አገር ልጅ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ብርዳችንን ሲረግም የሚውል።

"እትዬ፣ ይቺ ሳጥን ኮምፒውተሩ ውስጥ አዲስ የገባውን ሁሉ በየቀኑ ትገለብጣለች። እሱ ቢሞት እሷ ታስታውሳለች" አለኝ።

"እሷ ብትሞትስ?"

"አይ እትዬ! ገና ሳትወለድ ቀብሯን ያስባሉ? ብትታመም ከደብረ ብርሃን ሆነን የምናክምበት ከሩቅ መግቢያ በር አላት። በኢንተርኔት መስመር ነው የምንገባው።"

የበሩ ቁልፍ ብረት አይደለም። ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ረጅም ጽሑፍ ነው፤ ያን በትክክል የጻፈ ሰው የትም ሆኖ ይገባል። ሳጥኗ ከፋብሪካ ስትወጣ አንድ ቁልፍ ይዛ ትወጣለች። ያ ቁልፍ ለእኛ ብቻ የተሠራ አልነበረም፤ እንደሷ ላሉ ሳጥኖች ሁሉ አንድ ነው። ይህን ግን ያን ቀን አላውቅም ነበር።

ያን ቀን መቅደስ መዝገብ ልትሰበስብ ቀበሌ ወጥታለች፤ ኃላፊያችን አቶ ንጉሤ ስብሰባ ናቸው። ያሲን አውቶቡሱ እንዳያመልጠው እየተጣደፈ የሳጥኗን ወረቀቶች በፖስታ አድርጎ ሰጠኝ። "ለቢሮው ነው። ውስጡ ማሳሰቢያ አለ፤ ይዩት" ብሎ ሄደ። አየሁት። ብዙው እንግሊዝኛ ነው። አንዲት ወረቀት ላይ ግን ቁልፉ ተጽፎ፣ ከሥሩ በእጁ በአማርኛ እንዲህ ይላል፦ "ይህ የፋብሪካ ቁልፍ ነው። ሥራ ሳይጀመር ይቀየር።"

ፖስታውን አቶ ንጉሤ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩ። እሳቸው ከስብሰባ ሲመለሱ የተቆለለ ወረቀት ጠበቃቸው። የሳጥኗን ማስረከቢያ ፈርመው መለሱልኝ፤ ያቺ ወረቀት ላይ ግን ምንም አልጻፉም። ይዣት ቆምኩ። በመስኮት አሻግሬ ሳይ መቅደስ ከቀበሌ ተመልሳ ከጫማዋ ላይ ጭቃ ታራግፋለች። አምስት እርምጃ ብሄድ፣ "ይህን አንብቢ" ብላት ያበቃ ነበር። ግን አልተመራም። ያልተመራ ወረቀት ለልጇ ሰጠች ቢሉኝስ? ቢሮውን ተካፈሉት ይሉ የለ? ፈራሁ። ወረቀቷን መብሻ ውስጥ አስገብቼ በሳሁና፣ ቁጥር ሰጥቼ፣ ከሳጥኗ የንብረት ገቢ ደረሰኝ ጋር በንብረት ክላሰር አሰርኳት። እንዲያውም ሥርዓት ጠበቅኩ ብዬ ኮራሁ። ጓጉንቸር የቀየሩት ጋሼ ሽፈራው ትዝ እንኳ አላሉኝም።

ዓመት አለፈ። በክረምት መብረቅ ወርዶ ኮምፒውተሩን አቃጠለው። እኔ አልቅሼ ነበር። መቅደስ ግን ረጋ ብላ፣ አዲስ ኮምፒውተር ሲመጣ፣ ከሳጥኗ መዝገቡን በሁለት ቀን መለሰችው። ሠራተኛው አጨበጨበላት። አቶ ንጉሤ፣ "መቅደስ የዚህ ቢሮ ዓምድ ናት" አሉ። ፊቴን አዙሬ እንባዬን ጠረግኩ።

ደስታው አንድ ወር አልሞላም። እማሆይ ወለተ ሥላሴ የሚባሉ ባልቴት መነኩሲት አረንጓዴ የይዞታ ደብተራቸውን በነጠላ ጠቅልለው መጡ። መሬታቸውን ለልጅ ልጃቸው ሊያወርሱ ነው። መቅደስ ኮምፒውተሩን ከፈተችና ፊቷ ተለወጠ። በሳቸው ማሳ ላይ የማናውቀው ሰው ስም ተጽፏል።

"ምን ይላል ልጄ?" አሉ እማሆይ።

"ትንሽ... ትንሽ የተሳሳተ ነገር አለ እማሆይ።"

"እኔ አልተሳሳትኩም። የባሌን ተዝካር ያወጣሁት ከዚያ ማሳ በታጨደ ገብስ ነው።"

በዚያው ሳምንት ሌሎች ሁለት ገበሬዎች መጡ። የሦስቱም ማሳ አዲሱ መንገድ ሊያልፍበት ነው ከተባለው ጠርዝ ላይ ነው። ወሬው ከተማውን ሞላው። ኮምፒውተሩን የሚከፍተው ማን ነው? መቅደስ። መዝገቡን ከሳጥኗ የመለሰው ማን ነው? መቅደስ። አቶ ንጉሤ ለጊዜው ከሥራ አገዷት፤ ፖሊስ ስልኳን ወሰደ፤ አንድ ሳጅን በየቀኑ እየጠራ ይጠይቃት ጀመር። ክስ ቢመሠረትባት እስር ቤት ነው የምትገባው።

አሁን ከሥራ ሕይወቴ ሁሉ የሚያሳፍረኝን ልጻፍ። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን እንጀራ አቀረብኩ። መቅደስ አትበላም። ከፊቴ ቁጭ ብላ የጣቷን ጥፍር ትነክሳለች። ፍርሃቴ አፌን ከፈተው።

"መቅዲ... ሰው አታሎሽ ከሆነ ንገሪኝ። አንቺ ነሽ እንዴ?"

ቀና ብላ አየችኝ። አልጮኸችም።

"አንቺም እማዬ?" አለች። ከዚያ ተነሥታ ወጣች።

ሰኞ ጠዋት ወደ ቢሮ ሄድኩ። መዝገብ ቤት ገብቼ እጄን ታጠብኩና የማውቀውን ብቸኛ ሥራ ጀመርኩ፤ አዋሳኝ መጠየቅ። የእማሆይ የወረቀት ፋይል አይነበብም። ኮምፒውተር መጣ ተብሎ አሮጌው ወረቀት ወደ ዕቃ ቤት ሲዛወር ጣሪያ አፍስሶበት ቀለሙ ለቅቋል። የጎረቤቶቻቸው ግን ሦስቱ ደህና ናቸው። አንደኛው፦ "በምዕራብ እማሆይ ወለተ ሥላሴ።" ሁለተኛው፦ "በሰሜን እማሆይ ወለተ ሥላሴ።" ሦስተኛውም እንደዚያው። ይዣቸው ወደ አቶ ንጉሤ ገባሁ። ሳጅኑም እዚያው ነበር።

"ጌታዬ፣ የእማሆይን ማሳ ብቻ አትዩ። ኮምፒውተሩ ውስጥ የጎረቤቶቻቸውን ማሳ ክፈቱና አዋሳኛቸው ማን እንደሚባል እዩልኝ" አልኩ።

ከፈቱ። አራቱም ጎረቤቶች ዘንድ የእማሆይ ስም እንዳለ ነው። የሁለቱን ገበሬዎች አየን፤ እንደዚያው። የለወጠው ሰው ማሳውን ብቻ ለውጦ ጎረቤቶቹን ረስቷል። አቶ ንጉሤ ወንበራቸው ላይ ተደላድለው ተነፈሱ። የሰዎቹ መሬት በዚያች ሰዓት ተመለሰ ማለት ይቻላል። እኔ ግን መሬት ብቻ አልነበረም የፈለግኩት።

"ልጄ ብትሆን ኖሮ አዋሳኙንም ትለውጠው ነበር። እኔ ነኝ ያስተማርኳት!" አልኩ።

ሳጅኑ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "እናቴ፣ ይሄ ለልጅዎ ምስክርነት ነው ወይስ ክስ?"

አቶ ንጉሤ ሳቁ። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። ሳጅኑ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ውኃ አስመጣልኝና፣ "የሚያስፈልገኝ ማን እንደገባ ነው። ሳጥኗን የሚያውቅ ሰው ይጠራ" አለ።

ያሲን በማግሥቱ ደረሰ። መቅደስንም አስጠሯት። ሳጥኗ የገባባትን ሁሉ በራሷ መዝገብ ትጽፋለች አለ፤ መቼ፣ በየትኛው ቁልፍ፣ ከየት መስመር። ከፍቶ ሲያነብ ሳቁ ጠፋ።

"ሦስት ጊዜ ተገብቷል። ሁለቱ እሑድ፣ አንዱ የጥምቀት ዕለት። መስመሩ የዚህ ከተማም የደብረ ብርሃንም አይደለም። የተገባው ደግሞ..." ዞር ብሎ መቅደስን አያት። "በፋብሪካው ቁልፍ ነው። ቁልፉን አልቀየራችሁትም እንዴ?"

"ምን ቁልፍ?" አለች መቅደስ። "እኔ የምገባው በራሴ ቁልፍ ነው። ከሩቅ የሚገባበት ሌላ እንዳለ ማን ነገረኝ?"

"ጽፌ ትቼ ነበር እኮ! ይህ ቁልፍ እንደዚህች ላሉ ሳጥኖች ሁሉ አንድ ነው። አንዱን የተከለ ሰው የሁሉንም ቤት ይከፍታል። ኮምፒውተሩ ላይ ቢነኩባችሁ በማግሥቱ ታዩት ነበር፤ ሳጥኗን ግን እስክትፈልጓት ድረስ ማንም አያያትም፤ ኮምፒውተሩ ሲቃጠል የመለሳችሁት የተነካውን መዝገብ ነው። ለዚያ ነው ሥራ ሳይጀመር ይቀየር ያልኩት!"

"ወረቀት አልደረሰኝም" አለች።

"እንዲህ ማለት ቀላል ነው" አለ ሳጅኑ በቀስታ።

ያቺ ወረቀት የት እንዳለች ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም። የንብረት ክላሰር ማንም አይከፍትም። ለጡረታ የቀረኝ ትንሽ ነው፤ በጥፋት ብባረር ሃያ ምናምን ዓመቴ ይበተናል ብዬ አሰብኩ። መቅደስን አየኋት። እሷ እኔን አታይም፤ ከዚያች እሑድ ወዲህ አታየኝም ነበር። ወጥቼ ክላሰሩን አመጣሁና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት።

"ደርሷት አያውቅም። እኔ ነኝ ያሰርኳት" አልኩ።

ቀኗ፣ ቁጥሯ፣ ሁሉ በኔ እጅ ጽሑፍ አለ። ያሲን ወረቀቷን አንሥቶ ወደ ብርሃን ያዛትና በዚያ ሁሉ ጭንቅ መሐል ሳቁ አመለጠው። መብሻው ከቁልፉ ውስጥ ሁለት ፊደል በልቷል።

"እትዬ፣ ከዚህ ወረቀት ቁልፉን ልጅዎ ቀርቶ እኔም አላነበው!"

ሳጅኑ ተቀብሎ በቀዳዳው አሻግሮ አየ። ከዚያ ጻፈ፤ ብዙ ጻፈ። አቶ ንጉሤ ወረቀቷን ተቀብለው አዩና፣ "ወይዘሮ አስካለ ብቻቸውን አይደሉም። ሳላነብ፣ ሳልመራው የመለስኩት እኔ ነኝ። ይህም ይጻፍ" አሉ። ኃላፊ ሆኖ እንዲህ የሚል ሰው በሥራ ዘመኔ ሌላ አላየሁም። እስክሞት አመሰግናቸዋለሁ።

የመስመሩን ነገር ፖሊስ ተከተለው። ከጊዜ በኋላ እንደሰማነው፣ ሳጥኖቹን ከሸጠው ድርጅት የወጣ የቀድሞ ሠራተኛ ነው። ቁልፉን በቃሉ ይዞት ወጥቷል፤ ደላሎች የሚፈልጉትን መሬት እየነገሩት በየቢሮው ይገባ ነበር። ተያዘ። መቅደስ ነፃ ወጥታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እኔና አቶ ንጉሤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠን። የኔን ራሴ ቁጥር ሰጥቼ በግል ማኅደሬ አሰርኩት፤ ሥራዬ ነዋ። አልበሳሁትም ግን፤ በክሊፕ ያዝኩት። ከዚያን ቀን ወዲህ ሳላነብ የበሳሁት ወረቀት የለም። ያልተመራ ማሳሰቢያ ካገኘሁም ይዤ ኃላፊው በር ላይ እቆማለሁ። ቢቆጡም አልሄድም።

እማሆይ ዘንድ ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። ደጃቸው ቁጭ ብለው የበግ ፀጉር ይፈትላሉ።

"አንቺ ነሽ መሬቴን ያስወሰድሽው?" አሉ።

"አዎ እማሆይ።"

"ማን ነው ያስመለሰው?"

"እኔና ጎረቤቶችዎ።"

እንዝርታቸውን አንድ ጊዜ አሾሩት። "እንግዲያው ምን ቆመሻል፣ ተቀመጪ" አሉኝ። ጠላ ቀዱልኝ። ከዚያ ወዲያ ነገሩን አላነሡብኝም።

መቅደስ የተመለሰች ዕለት ያሲን ሳጥኗን ዳግም ሊያደራጅ መጥቶ ነበር። ከሩቅ መግቢያውን ዘጋው፤ ወደፊት ጥገና ሲያስፈልግ ደውሎ እሷ ስትከፍትለት ብቻ እንዲገባ ተስማሙ። ከዚያ፣ "አሁን አዲሱን ቁልፍ አንቺ ጻፊ" ብሏት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። አቶ ንጉሤም ዞሩ። እኔ ብቻ ቆሜ አያታለሁ። ጣቷ ረጅም ጊዜ ሠራ። አንድ ጊዜ በወረቀት ጽፋ በፖስታ አሸገችና፣ ማኅተም አስመትታ ለአቶ ንጉሤ የብረት ካዝና ሰጠች።

ሰዎቹ ሲወጡ ጠጋ አልኳት። ያ የኖረ ፍርሃቴ መጣብኝ።

"መቅዲ፣ ብትታመሚስ? ብትረሺውስ? ለኔ በጆሮዬ ንገሪኝ እንጂ።"

"አይሆንም እማዬ።"

"እናትሽ እኮ ነኝ!"

"እዚህ ወይዘሮ አስካለ ነሽ" አለች። ከዚያች እሑድ ወዲህ ዓይን ለዓይን ስታየኝ የመጀመሪያዋ ነበር፤ በዓይኗ ጥግ ሳቅ አለ።

ወጥቼ ግቢው ውስጥ ቆምኩ። ጭጋግ እየገባ ነበር። ተከትላኝ መጣችና ነጠላዬን ከትከሻዬ ላይ አስተካከለችልኝ።

"ተቆጣሽ?" አለችኝ።

"አልተቆጣሁም። ጠርጥሬሽ ነበር መቅዲ። ይቅር በይኝ።"

"አውቃለሁ። ትቼዋለሁ።"

"እስቲ ድገሚልኝ።"

"ምኑን?"

"ቅድም ቁልፉን ስጠይቅሽ ያልሽኝን።"

ክንዴን ያዘችና ፈገግ አለች።

"አይሆንም እማዬ" አለች።